ስለ ዶሮ ቆጥ አሠራርና ከቆጡ በታች ስለሚጠራቀመው ኩስ

ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ ባለው አገር ዶሮ የማይረባበት መንደር ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል፤ ለዶሮ ተብሎ የተሠራ ቆጥ ያለበትን ቤት ማግኘት ግን ከዚያ ይልቅ ያስቸግራል። ሁለቱ ከተሞች ዛሬ በተለያየ ዞን ሥር ቢተዳደሩም በዚህ ነገር ልዩነት የላቸውም። ዶሮዋ ቀን በግቢውና በእንሰቱ ሥር ስትጭር ውላ ማታ ሰው በሚተኛበት ቤት ትገባለች፤ ከማገሩ ላይ ወይም ከመደቡ አጠገብም ትሰፍራለች። ልማዱ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ሌባና ሸለመጥማጥ እንዳይወስዷት፥ ብርድም እንዳይጎዳት ተብሎ ነው። በቆየው የጉራጌ ክብ ቤት ከብቱም ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ሲያድር ኖሯልና፥ ዶሮን ብቻ ለይቶ ማስወጣት ለባለቤቱ እንግዳ ነገር ሊመስለው ይችላል።

ዳሩ ግን በዚህ ልማድ የሚጎዱት ሕፃናት ናቸው። ዴሬክ ሄዲና ካሌ ሂርቮነን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. ስለ ኢትዮጵያ ገጠር ባወጡት ጥናት፥ ዶሮ ባለበት ቤት የሚያድጉ ልጆች በቁመት የተሻሉ ሆነው መገኘታቸውን ገልጸዋል። ዶሮው ሌሊት ከሰው ጋር በአንድ ቤት በሚያድርበት ዘንድ ግን የልጆቹ ቁመት ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። በወለሉ ላይ የሚድኸው ሕፃን እጁን ወደ አፉ ሲወስድ በኩሱ ያለውን ተሕዋስ ስለሚውጥ ሳይሆን አይቀርም። ቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለው የአገራችን ተረት እንደዚህ ላለው ቤት የተነገረ ይመስላል።

በኅዳር 2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት የተባለው ሥራ ከተጀመረ ወዲህ ጫጩት ማከፋፈል ከሹማምንት ዋና ሥራ አንዱ ሆኗል። ሥራው መልካም ነው። ነገር ግን የተከፋፈለውን ጫጩት ቆጥሮ መዝገብ መዝጋት የሹምን ግዴታ አይፈጽምም። የወረዳና የቀበሌ ሹማምንት ጫጩት ከማስረከባቸው በፊት ወደ ግቢው ገብተው ቆጡን በዓይናቸው ሊያዩ ይገባል፤ ቆጥ የሌለው ሰው እስኪሠራ ድረስ ተራው ይቆይለት። ይህ ድኻውን ከዕድሉ ማራቅ ነው የሚል ይኖራል። ነገሩ በከፊል እውነት ስለ ሆነ ልክ ማበጀት ያስፈልጋል፤ ሦስት ዶሮ ላላት እናት ከቤቷ ግድግዳ በውጭ በኩል የተጠጋ፥ ጠንካራ መዝጊያ ያለው ትንሽ ጎጆ ይበቃታል። ሃያና ሠላሳ ለሚቀበል ግን ምክንያት የለውም፤ ባሕር ዛፍ በደጁ ነውና።

የቆጥ ብልሃት ከእንጨቱ ይጀምራል። ውፍረቱ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ፥ ልጡ የተላጠ አጣና መልካም ነው። ልጡ የሚላጠው እንዲያምር አይደለም፤ ደም መጣጭ ተባይ ቀን ከልጡ ሥርና ከስንጥቁ ተሸሽጎ እየዋለ ሌሊት ወጥቶ ዶሮዋን ስለሚያከሳት ነው። ስለዚህም አጣናውን በሚስማር ከመምታት ይልቅ በተፈለፈለ መደገፊያ ላይ ማጋደም ይሻላል፤ በየጊዜው አውጥቶ በፈላ ውሃ ለማጠብና ፀሐይ ለማስመታት ይመቻል። እጅግ ቀጭን ከሆነ ደግሞ ዶሮዋ ጣቶቿን በላባዋ ሸፍና ልትተኛ አትችልም፤ የቡታጅራም ሌሊት ብርድ አለው።

ለአንዲት ዶሮ 20 ሳንቲ ሜትር ቢታሰብላት ለ20 ዶሮ 4 ሜትር ያስፈልጋል፤ ይኸውም ባለ 2 ሜትር ሁለት አጣና ማለት ነው። የመጀመሪያው ከግድግዳው 30 ሳንቲ ሜትር፥ ሁለተኛው ከመጀመሪያው 35 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ቁመታቸው እኩል ይሁን። ብዙ ሰው እንደ መሰላል አንዱን ከፍ አንዱን ዝቅ ያደርጋል፤ ያን ጊዜ ሁሉም የላይኛውን ይፈልጉና በየማታው ይጣላሉ። ከወለሉ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ይበቃል፤ የፈረንጅ ዘር ዶሮ ከባድ ስለ ሆነች ከላይ ስትዘል የእግሯ መዳፍ ይቆስላል። ዕንቁላል የምትጥልበት ስፍራ ግን ከቆጡ ዝቅ ማለት አለበት፤ ያለዚያ እዚያው አድራ ታቆሽሸዋለች።

ከቆጡ በታች፥ 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፥ ርዝመቱ 2 ወርዱ 1 ሜትር የሆነ ሳንቃ ወይም ቆርቆሮ ይዘርጋ፤ ደረቅ አፈር ወይም ጭድም ይነስነስበት። በየማለዳውም ይጠረግ። የደም ተቅማጥ የሚያመጣው ኮክሲዲያ ከኩስ ጋር ከወጣ በኋላ ሌላይቱን ዶሮ ለመያዝ የሚበቃው እርጥበትና ሙቀት አግኝቶ አንድ ወይም ሁለት ቀን ሲቆይ ነውና፥ ማልዶ የጠረገ ሰው በሽታውን ቀደመው። ፈንግልን ግን ክትባት እንጂ መጥረጊያ ብቻውን አይመልሰውም። እርጥብ ኩስ ሲከማች ደግሞ አሞኒያ የሚባለው ጋዝ ይወጣዋል፤ የዶሮዋን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። ጋዙ እንዲወጣ ከጣሪያው ሥር ቀዳዳ ይተውለት፤ ቀዳዳው ግን ነፋሱ በተኙት ዶሮዎች ላይ እንዳይነፍስ ከራሳቸው በላይ ይሁን። አንዳንድ ሰው ሽታውን ለማጥፋት አመድ ይበትንበታል። ይህ ስሕተት ነው፤ አመድ ጋዙን ከኩሱ አስለቅቆ ያወጣዋል፥ ለማሳው የሚጠቅመውም ናይትሮጅን አብሮ ይጠፋል። አመዱ ዶሮዎቹ ገላቸውን በሚያንከባልሉበት ጉድጓድ ቢጨመር ይሻላል።

አንዲት ዶሮ በቀን እስከ 100 ግራም የሚደርስ ወይም ከዚያ የሚበልጥ ኩስ ትጥላለች፤ ከዚህም ግማሽ ያህሉ በሌሊት ይወርዳል። እንግዲህ ከ20 ዶሮ ቆጥ ሥር በዓመት ሦስት ኩንታል ተኩል ያህል ይሰበሰባል፤ በውስጡ ያለው ናይትሮጅን ሳይባክን ከተያዘ ከ8 ኪሎ ግራም ዩሪያ አያንስም። ከብቱ ያነሰበት ባለ እንሰት ይህን ሊንቀው አይገባም። ትኩሱ ኩስ ግን ሥር ያቃጥላል፤ ከጭድና ከደረቅ የኮባ ቅጠል ጋር ተከምሮ፥ እየተገላበጠ ሁለት ሦስት ወር ይብሰል። ከዚያ በኋላ ለእንሰቱም፥ ለማረቆው በርበሬም ይሆናል።

በከተማ ግቢ የሚያከራዩ ባለ ቤቶችም በዚህ ጉዳይ ድርሻ አላቸው። ተከራይ በግቢው ጥግ የዶሮ ቤት እንዳይሠራ የሚከለክል ባለ ቤት፥ ዶሮውን ከልጆች መኝታ ማስገባቱ ነው። የከተማው ሹም በዚህ ነገር ባለ ቤቱን ጠርቶ ቢያነጋግር መልካም ይሆናል።

ያለ ቆጥ ያደገች ቄብ ቆጥ ቢሠራላትም ወዲያው አትወጣም፤ ከጓደኞቿ ጋር በወለሉ ጥግ ተደራርባ ታድራለች። ባለቤቱ ሲመሽ አንድ በአንድ አንሥቶ በአጣናው ላይ ያስቀምጣቸው፤ ይህን ለአንድ ሳምንት ያህል ቢያደርግ ከዚያ በኋላ ራሳቸው ይወጣሉ።