ቀይ ቀበሮን መቁጠር ብቻውን አይበቃም

ስለ ቀይ ቀበሮ በተነሣ ቁጥር አንድ አኃዝ ይጠቀሳል፤ በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎች ከ500 ያነሱ ሲሆኑ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከጎባ ከተማ በላይ በሚገኙት የባሌ ተራሮች ይኖራሉ። አኃዙ ትክክል ነው፤ ይሁንና ያዘናጋል ባይ ነኝ። ቀበሮዎቹ የሚኖሩት በባሌ፣ በአርሲ፣ በመንዝ፣ በወሎና በሰሜን ተራሮች፣ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆኑና እርሻ በከበባቸው ከፍታዎች ተነጣጥለው ነው። የጮቄዎቹ ከነጭራሹ ጠፍተዋል።

የፊዚክስ መምህር ስለ ቀበሮ ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። የችግሩ እምብርት ግን የዕድል ሒሳብ ነው። እያንዳንዱ ወላጅ ካሉት ሁለት የጂን ቅጂዎች አንዱን ብቻ በዕጣ ለልጁ ያወርሳል። ወላጆች ጥቂት ሲሆኑ አንዳንዱ ቅጂ ዕጣ ሳይወጣለት ይቀርና እስከ መጨረሻው ይጠፋል። የሚራቡት እንስሳት 10 ቢሆኑ በየትውልዱ ከብዝኃነቱ 5 በመቶ ይጎድላል፤ ከ20 ትውልድ በኋላ የሚቀረው 36 በመቶ ገደማ ነው። የሚራቡት 100 ቢሆኑ ግን 90 በመቶው ይተርፋል።

የሚራቡት ደግሞ ከሚቆጠሩት እጅግ ያንሳሉ። በአንድ መንጋ ውስጥ በአብዛኛው የምትወልደው አውራዋ ሴት ብቻ ናት፤ ሌሎቹ ግልገል በማሳደግ ያግዟታል። በባሌ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ሴቶቹ ብዙውን ጊዜ ከጎረቤት መንጋ ወንዶች ጋር ይገናኛሉ። (ሒሳቡን ሳይማሩ መፍትሔውን አግኝተውታል!) ችግሩ ጎረቤት ሲጠፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ ጥናት የቀይ ቀበሮ የዘረመል ብዝኃነት ዝቅተኛ መሆኑን አስቀድሞ አመልክቷል።

በሰሜን አሜሪካ፣ አይል ሮያል በተባለች ደሴት፣ የተነጠሉ ተኩላዎች በዝምድና መራባት ተዳክመው እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለት ብቻ ቀርተው ነበር። በዚያው ዓመትና በተከታዩ 19 ተኩላዎች ከውጭ ተወስደው ተጨመሩ። እኛም እስኪመሽ መጠበቅ የለብንም፤ በየትውልዱ ጥቂት ቀበሮዎችን ከአንዱ ተራራ ወደ ሌላው የማዛወር ዕቅድ ከአሁኑ ሊጠና ይገባል እላለሁ።

ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ጂን በሚያልፍበት መንገድ በሽታም ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨርሷል። በሽታው የቆመው ሸለቆውን ከቀሪው ባሌ በሚያገናኙት መተላለፊያዎች ላይ 70 ያህል ቀበሮዎች ተይዘው ከተከተቡ በኋላ ነው። ስለዚህ የውሾችና የቀበሮዎች ክትባት ይቅደም። በተጨማሪም የስምጥ ሸለቆ የለያያቸውን የሰሜንና የደቡብ ቀበሮዎች አንዳንድ ተመራማሪዎች እንደ ሁለት ንዑስ ዝርያ ስለሚመለከቷቸው፣ የባሌውን ወደ መንዝ መውሰድ አይመከርም። ለመንዝ ከወሎ ማምጣት ይሻላል፤ ከባሌ የሚወሰደው ለአርሲ ይሁን። ቀበሮ በእግሩ ሊሻገረው ያልቻለው በባሌና በአርሲ መካከል ያለው የእርሻ አገር በመኪና የአንድ ቀን መንገድ ነው።