የማያፈራው የእንጆሪ ዛፍ ከመቆረጡ በፊት

በዚህ ሳምንት ከሚዛን አማን፣ በቀድሞ ስሟ ከሚዛን ተፈሪ፣ አንዲት እናት የላኩልንን ጥያቄ ከሌሎቹ አስቀድመናል። ጉዳዩ ጊዜ የሚሰጥ አይደለምና።

ጠያቂያችን በቡና ለቀማ ሥራ የሚተዳደሩ የ3 ልጆች እናት ናቸው። ከ4 ዓመት በፊት ጅማ ከሚኖሩ ዘመዳቸው ጓሮ የመጣ የእንጆሪ ፍሬ ዘሩን አጥበው ዘሩት። በቀለ፤ አደገ፤ ዛሬ ከቤቱ ክዳን በላይ ሆኗል። ነገር ግን እስካሁን አንዲት ፍሬ አልሰጠም። ባለቤታቸው በቦታው ላይ የሚከራይ ክፍል ለመሥራት ስላሰቡ ዛፉ በጥር ወር እንዲቆረጥ ተወስኗል። እናት ግን «ልጆቼ ሳይቀምሱት ሊቆረጥ ነው፤ በሽታው ምንድን ነው?» ይላሉ።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። እሾሃማውን የዱር እንጆሪም፣ መሬት ለመሬት እየተሳበ የሚያፈራውንም ሁሉ እንጆሪ ብለን እንጠራለን። እኔ ራሴ ደብዳቤውን ስጀምር «ከቤት ክዳን በላይ ያደገ እንጆሪ ደግሞ የምን ጉድ ነው?» ብዬ ነበር። የዛሬው ጉዳያችን ዛፍ የሚሆነው፣ ቅጠሉም ለሐር ትል ቀለብ የሚውለው እንጆሪ ነው።

ቡና ለባለቤቱ የታመነ ተክል ነው። ወንዴውና ሴቴው በአንድ አበባ ውስጥ ስለሚገኙ እያንዳንዱ እግር ያፈራል። እንጆሪ ግን ጠባዩ የፓፓያ ነው፤ አንዱ ዛፍ ወንዴ፣ ሌላው ሴቴ ሆኖ ሊበቅል ይችላል። በጓሮዋ ፓፓያ የተከለች እናት ሁሉ አበባውን አንዠርግጎ ፍሬ የማይዘውን ወንዴ ፓፓያ ታውቀዋለች። ከዘር የበቀለ እንጆሪም እንዲሁ ወንዴ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ያን ጊዜ ቢኮተኩቱትም፣ ፍግ ቢያለብሱትም ከቅጠል ሌላ ተስፋ የለውም ማለት ይቻላል።

ይሁንና ለመፍረድ ገና ነው። ከዘር የበቀለ እንጆሪ ሴቴም ቢሆን ለማፍራት ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊፈጅበት ይችላል። የእርስዎ ዛፍ ገና ልጅ ነው። በዚያም ላይ በደብዳቤዎ ውስጥ እንደ ዋዛ ያለፏቸው ሁለት ነገሮች አሉ። ዛፉ የቆመው በዋንዛ ጥላ ሥር ነው፤ ቡና ጥላ ይስማማዋል፣ እንጆሪ ግን በደንብ ለማፍራት ፀሐይ ይሻል። ሁለተኛም ቅርንጫፉን በየጊዜው እየቆረጡ ለበግ ይሰጣሉ። ቅጠሉ ለበግ ጥሩ ቀለብ መሆኑ እርግጥ ነው። ነገር ግን እንጆሪ አበባውን በብዛት የሚያወጣው ካለፈው ዓመት ቅርንጫፍ በሚያቆጠቁጠው ለጋ ላይ ነው። ዘወትር የሚቆረጥ ዛፍ ደግሞ ቅጠል ሲያወጣ ይኖራል እንጂ ለፍሬ አይደርስም። ለቡና በብዙ ዓመት አንድ ጊዜ የሚደረገውን ጉንደላ በየወሩ እንደ ማድረግ ይቆጠራል።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ፀሐይ የሚያገኛቸውን 4 ወይም 5 ቅርንጫፎች ማንም አይንካ። ከዋንዛውም ጥላ የሚያጠላውን ክፍል ማሳሳት ይጠቅማል። በየካቲትና በመጋቢት ዝናቡ ተመልሶ ቡናው ሲያብብ፣ በአዲሱ ለጋ ላይ ቅጠሉ ከግንዱ የሚነሳበትን ቦታ እያዩ ይመርምሩ። ወንዴው አበባ ረዘም ብሎ የተንጠለጠለ ነው፤ ቢጫ ብናኙን አራግፎ ከጨረሰ በኋላ ደርቆ ይወድቃል። ሴቴው አጠር ደንደን ያለ፣ አረንጓዴ፣ ላዩ ነጫጭ ጭራ ያለበት ሲሆን ገና ከጅምሩ ትንሽ ያልበሰለ ፍሬ ይመስላል። ለባለቤትዎ የምናቀርበው ልመና ከጥር እስከ መጋቢት ቀጠሮ እንዲሰጡ ብቻ ነው።

ወንዴ ሆኖ ከተገኘ ግን ቢቆረጥ ቅር አይለኝም። ለ3 ልጆች እናት በየወሩ ኪራይ የሚያስገባ ክፍል ለበግ ከሚሆን ቅጠል ይበልጣል። አበባ ጨርሶ ካልታየስ? ያን ጊዜ ውሳኔው የባልና የሚስት ነው፤ ጋዜጣ አይገባበትም።

ያም ሆነ ይህ ከአጥሩ ጥግ ለአንድ ችግኝ የሚሆን ቦታ አይጠፋም። በዚህ ጊዜ ዘር አይዝሩ። ሲያፈራ በዓይን ከታየ ዛፍ ላይ እርሳስ የሚያህል፣ ለጋ ያልሆነ ቅርንጫፍ አንድ ስንዝር ያህል ይቁረጡ፤ 3 ወይም 4 ዓይን ይኑረው። የታችኛውን ጫፍ አግድም ሰያፍ አድርገው፣ ከሦስት ሁለቱን እጅ በለሰለሰ አፈር ውስጥ ቀብረው፣ ሥር እስኪሰድ በጥላ ያቆዩት። በሚዛንና በቴፒ በኩል የሚያስፈራው የውኃ ማነስ ሳይሆን ውኃው መተኛቱ ነውና መደቡ ከፍ ይበል። ከ3 ወይም 4 ወር በኋላ ፀሐይ ወዳለበት ቦታ ይዛወራል፤ ከቤቱ ግድግዳ ግን 4 ሜትር ያህል ይራቅ። እንዲህ የተተከለ ከ2 እስከ 3 ዓመት ውስጥ ሊያፈራ ይችላል። ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ቁመቱ የልጆች እጅ እስከሚደርስበት ይገረዛል፤ ያን ጊዜ በጎቹም ድርሻቸውን ያገኛሉ። ችግኝ ከሌላ ቦታ የሚያስመጡ ሰዎች ደግሞ ፍሬ የሚሰጥ ዓይነት መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ። በመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ተክሉ የተጠናው ለሐር ትል ቀለብ እንደመሆኑ፣ በየቦታው ለቅጠሉ ሲባል የተመረጠ ዓይነት አለና።

ይህን ሁሉ ድካም ስለ ጥቂት ፍሬ ነው ወይ የሚል ሰው ይኖራል። የበሰለ እንጆሪ ከተለቀመ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በላይ አይቆይም፤ መንገድም አይችልም። ገበያ ወጥቶ ገዝቶ ለልጅ ማብላት አይቻልምና የሚበላው የተከለ ሰው ነው። የተረፈውን ከስኳርና ከጥቂት የሎሚ ጭማቂ ጋር አፍልቶ ማርማላት ማድረግ ይቻላል። ልጆች አረንጓዴውን ከነወተቱ እንዳይበሉ ግን ይጠንቀቁ፤ ሆድ ያሳምማል። የልብስ ማስጫውም ገመድ ከዛፉ ይራቅ፤ የእንጆሪ ቀለም ከነጭ ነጠላ ላይ በቀላሉ አይለቅም።

አበባው ወንዴ ይሁን ሴቴ፣ በመጋቢት ይጻፉልን።