ጥፋቱ የእንጀራ አይደለም!



እዚህ ባሕር ዳር ጂም የጀመረ ብዙ ወጣት መጀመሪያ የሚፈታው እንጀራን ነው። «ካርቦሃይድሬት ያወፍራል» ይለንና ጣና ዳር ቁጭ ብሎ ያለ እንጀራ ዓሣ ጥብስ ያዝዛል። ለስላሳውን ግን አልፈታውም!

እኛ የምንለው ይህን ነው፦ ስኳርን መቀነስ ተገቢ ነው፤ ጤፍን ከስኳር ጋር ደምሮ መኮነን ግን ግፍ ነው።

100 ግራም ጤፍ ወደ 180 ሚሊ ግራም ካልሲየም አለው፤ የነጭ ሩዝ 30 እንኳ አይሞላም። አዋቂ ሰው በቀን 1000 ሚሊ ግራም ያህል ያስፈልገዋል። ታዲያ እንጀራን ያባረረ ጉድለቱን በምን ይሞላል? በዓሣ እንዳይለን፣ የዓሣ ካልሲየም በብዛት ያለው ጥለነው በምንነሣው አጥንቱ ውስጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናትም አለ። ለሦስት ሳምንት ተኩል ካርቦሃይድሬትን እጅግ ቀንሰው ስብ ያበዙ የእርምጃ ስፖርተኞች ደም ሲመረመር የአጥንት መፍረስ ምልክት ጨምሮ፣ የመገንባት ምልክት ቀንሶ ተገኝቷል። ጥናቱ አጭር ነው፤ አጥንታቸው ተሰበረ አላለም። ማስጠንቀቂያነቱ ግን ይበቃናል።

አጥንት የሚጠራቀመው በወጣትነት ነው። ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ከተቀማጩ ወጪ ማድረግ እንጀምራለን።

ስለዚህ እንጀራውን አሳንሱት እንጂ አታባርሩት። ጎመንና እርጎ ጨምሩበት፣ ፀሐይም ሙቁ። የስኳር ሕመም ያለበት ግን ሐኪሙን ይስማ።

ሰውነታችን አማና ነው። ለሦስት ወር ቅርጽ ብለን የእርጅናችንን አጥንት አንሽጥ!

አላህ ለመልካሙ ይወፍቀን።