ካረጡ በኋላ የሚታይ ደም «ብርድ ነው» ተብሎ አይታለፍም

በኢትዮጵያ ስለ ማህፀን በር ካንሰር ሲወራ ሁለት ቡድኖች ይጠቀሳሉ። አንደኛው በ2011 ዓ.ም. ክትባቱ የተጀመረላቸው የ14 ዓመት ልጃገረዶች፣ ሁለተኛው ለቅድመ ምርመራ የሚጠሩት ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች ናቸው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም የምትኖር የ58 ዓመት እናትስ? ከሁለቱም የለችም።

ለዕድሜ ገደቡ ምክንያት አለው። በጤና ጣቢያ አሴቲክ አሲድ ተቀብቶ በዓይን የሚታየው ምርመራ ካረጡ በኋላ በደንብ አያሳይም፤ መታየት ያለበት የማህፀን በር ክፍል ወደ ውስጥ ይገባል። ካንሰሩ ግን 50 ዓመት ላይ አይቆምም። የማህፀን ግድግዳ ካንሰር ደግሞ በአብዛኛው የሚመጣው ካረጡ በኋላ ነው። ስለዚህ ለነዚህ ሴቶች የቀረው ማስጠንቀቂያ ሰውነታቸው የሚሰጠው ምልክት ነው።

የወር አበባ ከቀረ ዓመት ካለፈው በኋላ የታየ ደም፣ ጠብታም ቢሆን፣ ምርመራ ይፈልጋል። ካንሰር ነው ማለት አይደለም። ብዙውን ጊዜ መነሻው ሆርሞን ሲቀንስ የሚመጣ የብልትና የማህፀን ግድግዳ መሳሳት ነው። ፖሊፕ የሚባል ትርፍ ሥጋ፣ የግድግዳው መወፈር፣ ኢንፌክሽን ወይም የሚወሰድ መድኃኒትም ሊሆን ይችላል። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ፣ ካረጡ በኋላ ደም ካዩ 100 ሴቶች የማህፀን ግድግዳ ካንሰር የተገኘባቸው በግምት 9ኙ ናቸው። ከ9ኙ ናት ወይስ ከ91ዱ? ቤት ተቀምጦ መለየት አይቻልም።

መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽና ከግንኙነት በኋላ መድማት የማህፀን በር ካንሰር ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። ለሳምንታት የማይለቅ የሆድ መነፋትና ትንሽ በልቶ መጥገብ ከእንቁልጢ ካንሰር ሊመጣ ይችላል። እዚህ አገር ግን «ጨጓራ ነው» ይባልና መድኃኒት ይዋጥበታል።

ደም ያየች እናት ለልጇ መንገር ታፍራለች። ለጎረቤት ብትነግር «ብርድ ነው» ትባላለች፣ ወይም ጠበል ትጀምራለች። ጠበሉን ማንም አይከለክላትም፤ ምርመራው ግን አይቅር። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ግምት እንደሚያሳየው በ2020 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ 7,445 ሴቶች በማህፀን በር ካንሰር ሲያዙ 5,338 ሞተዋል። ዘግይቶ የተገኘው የጨረር ሕክምና ይፈልጋል፤ ይህ ሕክምና ደግሞ ለረጅም ዓመታት ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር።

«አቅም የለም» ለሚለው ክርክር መልስ አለ፦ መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ከጀሞ እስከ ጎፋ ቤት ለቤት የሚሄዱ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ስለ ደም ግፊትና ስኳር ሲጠይቁ አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፦ «ካረጡ ወዲህ ደም አይተው ያውቃሉ?» «አዎ» ያለች እናት የኢንፌክሽን መድኃኒት ብቻ ይዛ ወደ ቤቷ አትመለስ። የማህፀን ምርመራ፣ አልትራሳውንድ፣ እንደ አስፈላጊነቱም የናሙና ምርመራ ወደሚሠራበት ሆስፒታል ሪፈር ይጻፍላት።

ልጆችም እናታቸው እስክትናገር አይጠብቁ። ማንበብ ለማይችሉ እናቶች ይህን ጽሑፍ አንብቡላቸው።