የጀፎረ አገር ሰው መንገድ የሌለው ሰፈር ለምን ይገዛል?

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ዳርቻ ቦታ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ካሬው ስንት ነው?" ብሎ ነው። ቀጥሎ "ካርታ አለው?" ይላል። "መንገዱ በየት በኩል ነው የሚያልፈው?" ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ደላላውም ቢጠየቅ እጁን ወደ ሜዳው ዘርግቶ "በዚህ በኩል ይወጣል" ብሎ ያልፈዋል። ይወጣል የተባለው መንገድ ከጥቂት ዓመት በኋላ የሌላ ሰው አጥር ሆኖ ይገኛል።

ይህ በየትኛውም የኢትዮጵያ ከተማ ዳርቻ ያለ ችግር ነው። በጉራጌ ሲሆን ግን ከችግርነቱ በላይ ያሳፍራል።

ቸሃ ውስጥ ወደ ቆየ መንደር የገባ ሰው የሚያየው አለ። በመንደሩ መሀል ሰፊ፣ ሣር የለበሰ ጀፎረ ተዘርግቷል። ጎጆዎቹ በግራና በቀኝ ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረው በተርታ ቆመዋል። እንሰቱ ከየቤቱ ጓሮ ነው። ሠርጉም፣ ለቅሶውም፣ የመስቀል ጨዋታውም ጀፎረው ላይ ነው። ማዘጋጃ ቤት ሳይኖር፣ መሐንዲስ ሳይቀጠር ይህ ስፋት ከትውልድ ትውልድ የተሻገረው በቂጫ፣ በሰባት ቤት ጉራጌ ባህላዊ ሕግ ነው። አጥሩን ወደ ጀፎረው የገፋ ሰው በሽማግሌ ይጠየቃል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ የጋራው መሬት አስቀድሞ ይለያል፣ የግሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

የዛሬው የከተማ ዳርቻ ይህንን ገልብጦታል። መጀመሪያ ቤት ይቆማል፣ ከዚያ አጥር ይታጠራል፣ መንገድ ከተረፈ ይወጣል።

ጥድፊያው ምክንያት አለው። የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከወልቂጤ ወደ እምድብር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ጉብሬ ሌላ ከተማ ሆነች። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ቢሮዎቹ በተለያዩ ከተሞች ተከፋፈሉ፤ ወልቂጤና ቡታጅራም ድርሻቸውን አገኙ። ሠራተኛው ቤት ይፈልጋል። አዲስ አበባ የሚነግደውና ውጭ አገር ያለው ተወላጅም በአገሩ ከተማ አንድ ግቢ ሊኖረው ይፈልጋል። ፈላጊ በዝቶ በሕጋዊ መንገድ የሚቀርበው ቦታ ሲያንስ ገበያው ወደ ገበሬው ማሳ ይሄዳል።

መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለዚህ ውሉ ሌላ ስም ይሰጠዋል። አንዱ ብድር ይለዋል፣ አንዱ ስጦታ፣ ሌላው በማሳው ጥግ ትንሽ ጭቃ ቤት አቁሞ "ቤት ሸጥኩ" ይላል። ገዢው ምስክር የፈረመበት ወረቀት ይዞ ይወጣል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዛል። በየማሳው የሚፈረመው ወረቀት ግን እዚያ አይደርስም። በዚህ ወረቀት ላይ ደግሞ የመንገድ ነገር አይነሳም። ገበሬው ለመንገድ የተወው እያንዳንዱ ሜትር ከኪሱ የሚወጣ ስለሆነ ለጋሪ ማለፊያ የምትበቃ ቀጭን ስንጥቅ ትቶ ይሸነሽናል። በእሱ መፍረድ ይከብዳል፤ ነገ ከተማው ሲመጣ ማሳው በካሳ እንደሚወሰድበት እያሰበ ዛሬ የሚሸጥ ሰው ነው።

ጥፋቱን ሁሉ "ሕገወጥ" በሚባለው ገዢና በገበሬው ላይ መጫን የሚወዱ ባለሥልጣናት ግን የራሳቸውን ደብተር ይክፈቱ። ለሊዝ ጨረታ የሚቀርብ ቦታ ከፕላን ጋር የተጣጣመና መሠረተ ልማት ያገኘ ይሁን ተብሎ በአዋጅ ቁጥር 721 የተጻፈው በ2004 ዓ.ም. ነው። ያው አዋጅ በሊዝ የወሰደ ሰው በተወሰነለት ጊዜ ግንባታ ካልጀመረ ውሉ እንዲቋረጥ ያደርጋል። ዜጋው ሲዘገይ ቦታውን ይቀማል። ማዘጋጃ ቤቱ መንገድና ውኃ ሳያደርስ ሲቀር ማን ምን ይቀማዋል? አንዱን ወገን ብቻ የሚቀጣ ሕግ ሌላውን ወገን ስንፍና ያስተምረዋል።

የዚህ ስንፍና ዋጋ በወልቂጤ ታይቷል። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ነዋሪው ባዶ ጄሪካን ይዞ ውኃ ጠፋ ብሎ አደባባይ ወጣ፤ የጸጥታ ኃይሎች ተኩሰው የሰው ሕይወት ጠፋ። የውኃው ችግር ብዙ ምክንያት አለው። አንድ ነገር ግን አያከራክርም፤ ከተማ ሳይታሰብበት በተለጠጠ ቁጥር የቧንቧው መንገድ ይረዝማል፣ መተላለፊያ በሌለው ሰፈር ደግሞ ቧንቧ የሚቀበርበት መሬት አይገኝም። መንገድ ማለት መኪና ማለፊያ ብቻ አይደለም። ውኃውም፣ መብራቱም፣ የጎርፍ ቦዩም የሚያልፉት በእሱ ነው። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ እስከ አስፋልት ከወጣች፣ እሳት ማጥፊያ መኪና ከሰፈሩ አፍ ላይ ከቆመ፣ ቤቱ ሰርቪስም ሆነ ቪላ ልዩነት የለውም።

"ከተማው ገንዘብ የለውም፣ በየሰፈሩ አስፋልት ከየት ያመጣል?" የሚል መልስ ይሰማል። አስፋልት ማን ጠየቀ? ጀፎረ አስፋልት የለውም። ሣር ነው። ዋናው ነገር ስፋቱ ነው፣ ስፋቱን ለመያዝ የሚያስፈልገው ደግሞ ችካል፣ ገመድና የማይበገር ሕግ ነው። ድንጋዩና ሬንጁ ከ20 ዓመት በኋላ ሊመጣ ይችላል። በአጥር የተዋጠ ስፋት ግን የሚመለሰው በካሳና በግሬደር ነው፣ ያኔ ነው በእውነት ገንዘብ የሚያልቀው። ይህ የሩቅ ሕልም አይደለም። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ከሐዋሳ፣ ከአዳማ፣ ከባሕር ዳርና ከመቀሌ ጋር ሲሠሩ ያቀረቡት ምክር ይኸው ነበር፤ ከተማው ሳይደርስ በፊት 30 ሜትር ስፋት ያላቸውን ዋና መንገዶች በየአንድ ኪሎ ሜትሩ መሬት ላይ አስምሩ። የቸሃ ሽማግሌ ይህንን ምክር ቢሰማ "እና አዲስ ነገሩ ምንድን ነው?" ባለ ነበር።

"ማፍረስ ነው መፍትሔው" የሚሉም አሉ። ሸገር ከተማ በተመሠረተበት በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዙሪያ ስንት ቤት እንደፈረሰ፣ ስንት ቤተሰብ ሜዳ ላይ እንደዋለ አገር ያየው ነው። ሲሸነሸን፣ መሠረት ሲወጣ፣ ቆርቆሮ ሲመታ ዝም ብሎ የከረመ አስተዳደር ሰው ከገባ በኋላ ግሬደር ቢልክ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። የጨረቃ ቤት በጨረቃ ይሠራል ይባል እንጂ ጸሐይ ሲወጣ ለሁሉም ይታያል።

ስለዚህ ሥራው ከፊት መጀመር አለበት። ማዘጋጃ ቤቶቹ ከከተማው ወሰን ውጭ ባለው ማሳ ላይ ሳይቀር ዋና ዋና መንገዶችን ዛሬ ይቸክሉ፣ በዳርና ዳሩም ዛፍ ይትከሉ። ገበሬውን በካሳ ከማባረር ይልቅ ለመንገድ ድርሻውን ትቶ በቀሪው ላይ ሕጋዊ ቦታ የሚያገኝበትን ስምምነት ያቅርቡለት፤ ጥቅሙ በሕግ ከተጠበቀለት በድብቅ የሚሸጥበት ምክንያት ይቀንሳል። የሰፈር እድሮችም ቀብር ከማስፈጸም ባሻገር መተላለፊያ የሚዘጋን ሰው ይጠይቁ፤ ቂጫ የሠራው ከሰማይ ወርዶ አይደለም፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ስለጠየቀ ነው።

ገዢውም ነጻ አይወጣም። የሰባት ቤት ጉራጌ ተወላጅ በ1950ዎቹ የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁሞ ከኪሱ አዋጥቶ ለአገሩ መንገድ ያስጠረገ ነው። የዚያ ትውልድ ልጅ ሚሊዮን ብር ይዞ መጥቶ፣ የወንድሙን ልጅ በስልክ ወክሎ፣ መግቢያው ያልታወቀ ቦታ ገዝቶ ሲሄድ፣ ከዚያም አልፎ ግቢው እንዲሰፋለት አጥሩን ሁለት ሜትር ወደ መተላለፊያው ሲገፋ ምን ይባላል? ለመስቀል ወይም ለአረፋ ሲመለስ በጭቃ ተውጦ መኪናውን አስፋልት ዳር ጥሎ በእግሩ የሚገባው በራሱ አጥር ምክንያት ነው።

ቦታ የሚገዛ ሰው ካርታውን ከማየቱ በፊት ችካሉን ይይ። ችካል ከሌለ መንገድ የለም፣ መንገድ ከሌለም የተገዛው ግቢ እንጂ ሰፈር አይደለም።