ዓሣውም የኬንያ፣ ዝንቡም የኬንያ! እኛስ?

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይላል ያገራችን ሰው። እኔ ግን ባለፈው ሰሞን ባሌ፣ ዲንሾ ድረስ ዘልቄ ከወይብ ወንዝ ያወጣሁት ዘንዶ ሳይሆን ቁጭት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአክስቴ ልጅ ከኮሎራዶ መጣና «ትራውት ላጠምድ ነው፤ አብረን እንሂድ» አለኝ። እኛ አዲስ አበቤዎች ስለ ዓሣ የምናውቀው ጥብሱንና ጉላሹን ነው፤ ሲያልፍም «በጾም ይበላል? አይበላም?» የሚለውን ክርክር! ትራውት ግን በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከኬንያ መጥቶ ባሌ ወንዞች ውስጥ ተለቀቀ። ቀዝቃዛና ኩልል ያለ ውኃ ስለሚወድ ደጋው ተስማማው። ይኸው እስከ ዛሬ አለ።

የአክስቴ ልጅ ትል የለ፣ ሊጥ የለ፤ ባንድ ክር ላይ ሁለት ሰው ሠራሽ ዝንብ አሰረ። የላይኛው የአውራ ዶሮ አንገት ላባ የተጠመጠመበት ነው፤ ይንሳፈፋል። ከሱ መንጠቆ ላይ ክንድ የምታህል ቀጭን ክር ቀጠለና ጫፏ ላይ ሁለተኛዋን አንጠለጠለ። ያቺኛዋ ራሷ ላይ የብረት ዶቃ ስላላት ትሰጥማለች።

«ሁለት መንጠቆ? ይኼማ ስግብግብነት ነው!» አልኩት።

ሳቀብኝ። «ዓሣው ዛሬ ከላይ ይብላ ከታች በምን አውቃለሁ? ሁለቱንም አቀርብለታለሁ፤ እሱ ይምረጥ። ትራውት አብዛኛውን ቀለቡን የሚለቅመው ግን ከሥር ነው። ዓይኔን ከላይኛው ላይ አልነቅልም። ድንገት ቀጥ ካለ ወይ ከጠለቀ፣ የታችኛዋ ተነክሳለች ማለት ነው» አለኝ። የታችኛዋ ክር መቅጠኗም በከንቱ አይደለም። ድንጋይ ቢይዛት እሷ ብቻ ትበጠሳለች፤ ሌላው ይተርፋል።

እውነቱን ለመናገር ጣጣም አለው። ሁለቱ ሲወረወሩ ይጠላለፋሉ፤ ግማሽ ሰዓት ክር ስንፈታ ቆይተናል። ዓሣው በአንዱ ተይዞ ሲፈራገጥ ትርፉ መንጠቆ ጎኑን፣ አለዚያም የአጥማጁን እጅ ይወጋል። ለዚህ ነው የመንጠቆዎቹን ጥርስ አስቀድሞ በፒንሳ የደፈጠጠው። አንዱን ያዘ፣ ከውኃ ሳያወጣ ነቀለለትና ለቀቀው። አጠገባችን የቆመ እረኛ ልጅ «ጋሼ፣ ካልበላው ለምን ያዘው?» ሲል ጠየቀኝ። ምን ልበለው?

እኔን ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። የዝንቦቹን እሽግ አገላብጬ ባየው «በኬንያ የተሠራ» ይላል! ጎበዝ፣ ይታያችሁ! ዓሣውን የሰጠችን ኬንያ ዝንቡንም እየሠራች ለአውሮፓና ለአሜሪካ ትሸጣለች። በእንግሊዞች ጊዜ የተጀመረው ሥራ ዛሬ ብዙ ሰው እንጀራ የሚበላበት የእጅ ሙያ ሆኗል። የሚጠይቀውስ ምንድነው? መንጠቆ፣ ክር፣ ላባና የሠለጠነ ጣት! በየበዓሉ የአውራ ዶሮ ላባ ቆሻሻ ገንዳ የምንሞላ እኛ አይደለንም እንዴ? «ለተንሳፋፊው የሚሆነው ላባ ልዩ እርባታ ይፈልጋል» የሚል አዋቂ ይኖራል። እውነት ነው። እንግዲያው ከምትሰጥመዋ እንጀምራ! እሷ ከዶቃና ከክር ሌላ ቁራጭ ላባ ወይም ጸጉር ብትፈልግ ነው።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እሰየው! ያ እረኛ ልጅ ግን ከዚህ ስም ምን ደረሰው? እኔ የምለው፦ የዲንሾን ልጆች ዝንብ ማሰርና እንግዳ ማስጠመድ አስተምሯቸው። ባንድ ክር ከሁለት ዝንብ በላይ አይታሰር፤ መንጠቆውም ጥርስ አልባ ይሁን። አጥማጁ ከሚከፍለው ላይ ለወንዙ ዳር ሰው ድርሻው ይድረሰው። ይኼ የብዙ ሚሊዮን ብር በጀት አይጠይቅም፤ ማሰብ ብቻ!

ስብሰባውና መግለጫው እንደ ላይኛው ዝንብ ሲንሳፈፍ እያየን ስንት ዘመን አጨበጨብን? ትራውት እንኳን ቀለቡ ከሥር እንዳለ ያውቃል።