ጥፋቱ የካባው ነው ወይስ የለባሹ?

ባለፈው ሰሞን በመኝታ ክፍላችን መብራት ከጠፋ በኋላ አንድ ክርክር ተነሥቶ እስከ እኩለ ሌሊት እንቅልፍ ነሣን። የክርክሩ መነሻ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነበር። አንዱ ጓደኛችን፥ «ሰብለ ወንጌል የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ቤት ስትጠፋ መንገደኛውን ሁሉ አታልላለችና ትጠየቅበታለች» አለ። ሁለተኛው፥ «ያታለለው መነኩሴው እንጂ ሰብለ አይደለችም፤ መነኩሴው ደግሞ የሌለ ሰው ነው፤ የሌለ ሰው እንዴት ይጠየቃል?» ሲል መለሰ። ሦስተኛው ከብርድ ልብሱ ሥር ሆኖ፥ «ሰብለስ ራሷ የት አለችና ነው?» ቢል ሁላችንም ሳቅን፤ ክርክሩም በሳቅ ተበተነ።

ጓደኞቼ ተኙ። እኔን ግን ነገሩ እስከ ንጋት ሲያገላብጠኝ አደረ። ያንቀላፋሁት ደወል ሊደወል ጥቂት ሲቀረው ነው። ምክንያቱን በመጨረሻ እናገራለሁ፤ አሁን ወደ ክርክሩ ልመለስ።

በመጀመሪያ የሦስተኛውን ጓደኛችንን ቀልድ በቀልድ ማለፍ አይገባም። በልብ ወለድ ታሪክ ያለ ሰው በእርግጥ የለም፤ የሠራውንም ያሠራው ደራሲው ነው። ነገር ግን በዚህ መንገድ ፊታውራሪ መሸሻን ከኩነኔ ነጻ የምናወጣ ከሆነ፥ ለበዛብህ ያፈሰስነውንም እንባ መልሰን ማፈስ ይኖርብናል። ለሌለ ሰው ማዘን የተፈቀደ ከሆነ በሌለ ሰው መፍረድም የተፈቀደ ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ አንባቢ ሁሉ ሲያደርግ የኖረው ይህንኑ ነው። በሬዲዮ ሲተርክልን የነበረው ወጋየሁ ንጋቱ የፊታውራሪን ትዕቢት በገዛ ድምፁ ቢያሰማም ትዕቢተኛ ያለው ሰው የለም። ተራኪና ተዋናይ ሰውን አያታልሉም፤ እኛም እናውቃለን፥ እነሱም እንደምናውቅ ያውቃሉ። ችግሩ የሚመጣው ካባው መኖሩን የሚያውቀው ለባሹ ብቻ ሲሆን ነው።

እንግዲህ በእኔ አስተያየት ሁለተኛ ስም ወይም ሁለተኛ መልክ ይዞ ስለ ሠራ ሰው ለመፍረድ ሦስት ጥያቄ ይበቃል። ካባውን ማን አለበሰው? ቢፈልግ ሊያወልቀው ይችል ነበርን? በካባው የተገኘውን ጥቅም ማን በላው?

በዚህ ሚዛን በዛብህን እንመዝነው። ወላጆቹ ገና በሕፃንነቱ ለእግዚአብሔር ተስለው ሰጡት። ስለቱን የተሳለው እሱ አይደለም፤ የተጫነው ግን በእሱ ጫንቃ ላይ ነው። ይህ ካባ ሌሎች ያለበሱት ነውና ስለቱ ቢፈርስ ዕዳውን በሙሉ በእሱ ላይ መጫን ግፍ ይመስለኛል። ሰብለ ወንጌልን ስንመዝናት ደግሞ ልብሱን ራሷ ለብሳለች፤ ስለዚህ ያ መነኩሴ መንገድ ላይ ለሠራው ሁሉ ተጠያቂዋ እሷ ናት። ልብሱ ለሌላው ሰው ጉዳት አላመጣም፥ ሽሽቷም ከግፍ ነው ብለን ልንምራት እንችላለን። ነገር ግን ምሕረት የሚሰጠው ለተጠያቂ ነው፤ ማንም ያላደረገውን ይቅር ሊሉ አይቻልም። ደራሲውም ይህን የዘነጋ አይመስለኝም፤ ለመሸሻ የለበሰችውን ልብስ በዛብህ ከሞተ በኋላ በእውነት መንኩሳ ኖረችበት። ካባው ሥጋዋ ሆነ ማለት ነው።

ይህ ነገር በሥነ ጽሑፋችን አዲስ አይደለም። በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ ጀግና ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ትሄዳለች። የንጉሡ ቤተ ዘመድ የሆነች ልጅ በዚህ በሌለ ወንድ ፍቅር ትወድቃለች። ደራሲው መንትያ ወንድሟን ዋሕድን አምጥቶ ነገሩን በሠርግ ጨረሰው። እኔ ግን ሳነበው ሁልጊዜ የምጠይቀው፥ መንትያ ወንድም ባይኖርስ ኖሮ የዚያች ልጅ ልብ በማን ዕዳ ይቆጠር ነበር? የሚል ነው። ሕይወት እንደ ልብ ወለድ መንትያ ወንድም አታዘጋጅም።

የአፈወርቅ የራሱ ታሪክም ከዚህ የራቀ አይደለም። ከዘጌ የተገኘው ይህ ሊቅ የአማርኛን ልብ ወለድ የጀመረልን ሰው ነው። ጠላት አገራችንን በያዘ ጊዜ ግን ለጣልያን አድሮ «አፈ ቄሣር» ተባለ። ከነጻነት በኋላ ጅማ በግዞት ተቀምጦ ሞተ። ጦቢያን የጻፈውና ለቄሣር ያደረው ሁለት ሰዎች ናቸው ብሎ የተከራከረ የለም። አፉ አንድ ነበርና።

ከውጭ አገር ድርሰት ለዚህ ጉዳይ የሚጠቀሰው ስቲቨንሰን በ1886 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የዶክተር ጄኪልና የሚስተር ሃይድ ታሪክ ነው። የተከበረው ሐኪም ጄኪል መድኃኒት ቀምሞ ይጠጣና ሃይድ የሚባል ክፉ ሰው ይሆናል፤ ሃይድም ሰው እስከ መግደል ይደርሳል። ጄኪል ጥፋቱ የሃይድ ብቻ ነው እያለ ኅሊናውን ያስተኛል። በኋላ ሃይድ ሳይጠራ መምጣት ሲጀምር ጄኪል ሊያወልቀው አልቻለም፤ ስለዚህ በሁለተኛው ጥያቄ ይድናል የሚል ይኖር ይሆናል። አይድንም። የመጀመሪያውን ብርጭቆ ያነሣው በገዛ እጁ ነው። የእኛም የወንጀል ሕግ ይህን ያውቃል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ወንጀል ለመሥራት አስቦ ራሱን በመጠጥ ያሳበደ ሰው፥ «ስካሬ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» ብሎ እንዲያመልጥ አይፈቅድለትም።

«የዛርንስ ነገር ምን ትላለህ?» የሚለኝ ጎጃሜ አይጠፋም። በአገራችን ዛር የያዘው ሰው ፈረስ ይባላል፤ ዛሩ ጋላቢ ነው። በፈረሱ አፍ የሚናገረው፥ የሚሳደበው፥ ቡናና ልብስ የሚጠይቀው ጋላቢው ነው ይባላልና፥ ሴትዮዋ ስትነቃ ለተናገረችው አትወቀስም። በዚህ ረገድ የአገራችን ሰው ከጄኪል ይልቅ ርኅሩኅ ነው። ሆኖም አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ዛሩ የጠየቀው ግብር ሳይከፈል አይቀርም፤ የሚከፍለውም ቤተሰቡ ነው። ወቀሳው ቢቀር እንኳ ዕዳው አልቀረም። ሁለተኛ ሰው በመጣ ቁጥር አንድ ከፋይ አለ።

ከሁሉ የበለጠ የሚያስተምረን ግን ጉዱ ካሣ ነው። «ጉዱ» የሚለውን ስም ራሱ አላወጣውም፤ ያወጣለት እውነቱን መስማት ያስመረረው ሰው ነው። እብድ ነው ከተባለ መልስ መስጠት አያስፈልግም፤ ስለዚህ ካባው የጠቀመው አልባሾቹን ነው። ካሣ በዚህ ስም ተሸሽጎ፥ «የእብድ ንግግር ነውና አትያዙብኝ» ቢል ይችል ነበር። አላለም። የተናገረውን በስሙም በገንዘቡም ከፍሎበታል። ስም የሚወጣለት ሰው ሁሉ በስሙ አይሸሸግም ማለት ነው። ይህችም ከተማችን ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር፤ ደብረ ማርቆስ በመባሏ የመንቆረርን ዕዳ የተወላት የለም።

አሁን እንቅልፍ የነሣኝን ነገር ልናገር። አንደኛ ዓመት ሳለሁ በብዕር ስም ግድግዳ ላይ በሚለጠፍ ወረቀት እጽፍ ነበር። ከገጠር የመጣ አንድ የክፍላችን ልጅ እናቱ የሰጠችውን ድርቆሽ በከረጢት ይዞ በየማታው ብቻውን ሲበላ አይቼ፥ ስሙን ሳልጠራ ግን ማንም እንዲያውቀው አድርጌ ቀለድሁበት። ወረቀቱን ሁሉም ሰው አንብቦ ሳቀ። ልጁ ከዚያ ወዲህ ከሰው ጋር ገበታ መቅረብ ተወ። ከሳምንት በኋላ በቤተ መጻሕፍት አጠገቤ ተቀምጦ፥ «ያን የጻፈው ሰው ምን ዓይነት ሰው ይሆን?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም፥ «እኔ እንጃ» አልሁት። በሁለተኛው ሴሚስተር አልተመለሰም። ያልተመለሰበት ምክንያት ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ግን ጠይቄ አላወቅሁም፥ ለመጠየቅም ደፍሬ አላውቅም።

ለረጅም ጊዜ የጻፈው የብዕር ስሜ ነው፥ እኔ ግን ደግ ልጅ ነኝ ስል ኖርሁ። በሦስቱ ጥያቄዎች ራሴን ስመዝን ግን ማምለጫ የለኝም። ካባውን ራሴ ለበስሁት፤ በማንኛውም ቀን ላወልቀው እችል ነበር፤ ሳቁንም የበላሁት እኔ ነኝ። ሰብለ ወንጌል ግፍ ለመሸሽ ለበሰች፤ እኔ ግፍ ለመሥራት ለበስሁ። «እኔ እንጃ» ያልሁት ደግሞ ያለ ካባ ነበር።

ይህን ስል የብዕር ስም ይጥፋ ማለቴ አይደለም። ደካማው ኃይለኛውን ለመንቀፍ ሲፈልግ መከለያ ያስፈልገዋል፤ ኃይለኛው በደካማው ሲስቅ ግን መከለያው የፈሪ ምሽግ ይሆናል። ስለዚህ ለተማሪዎች ማኅበራችንና ለዚህ መጽሔት አዘጋጆች አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በብዕር ስም የሚጽፍ ሁሉ እውነተኛ ስሙን በአንድ መዝገብ ያስፍር፤ መዝገቡም በአዘጋጁ እጅ በምሥጢር ይጠበቅ። በጽሑፉ የተጎዳ ሰው ቢመጣ ግን ጸሐፊው በምሥጢር ተጠርቶ መልስ ይስጥ፤ ይቅርታ የሚገባ ከሆነም ይጠይቅ። ይህ ከሁላችንም የሚወስደው አንድ መስመር ቀለም ነው።

ይህን ጽሑፍ ለአዘጋጁ የሰጠሁት ከነሙሉ ስሜ ነው፤ መዝገቡ ቢከፈት የመጀመሪያው መስመር የእኔ ይሁን። ያን ልጅ የምታውቁት ካላችሁ፥ ማን እንደ ጻፈው ንገሩልኝ።